ከቤታችን በፊት የቆመው በር

ሱሉልታ ውስጥ ከቤታችን በፊት የቆመው በራችን ነው። ሌላው ሰው መጀመሪያ አጥሩን ያጥራል፤ ከዚያ አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ያቆማል፤ በሩን አቅሙ ሲፈቅድ ያስገጥማል። እኛ ግን ከኦቦ ገርባ በገዛነው መስክ ላይ አንድ ድንጋይ ሳይራገፍ በር ተከልን። አጥር የለ፣ ቤት የለ፤ ሜዳ ላይ ሁለት የሲሚንቶ ምሰሶ፣ በመሃላቸው ጥቁር የብረት በር። በጎጃም መንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ በሚኒባስ መስኮት አንገቱን አውጥቶ ያየን ነበር።

የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በሩ አባቴ በሪሁን በሚነዳው አይሱዙ ተጭኖ ከአዲስ አበባ ሲመጣ፣ እኔ ጋቢና ውስጥ እናቴ እልፍነሽ ጭን ላይ ተቀምጫለሁ። የእንጦጦን ዳገት ስንወጣ እናቴ በየመታጠፊያው በኋለኛው መስኮት ዞራ ታየዋለች።

«ቀስ በል እንጂ በሪሁን፣ ይጫጫራል።»

«ብረት ነው፤ እንቁላል አልጫንኩም» ይላል አባቴ። ቀስ ግን ይላል።

መሬቱን የሸጡልን ገበሬ ኦቦ ገርባ ዱላቸውን ተደግፈው ሥራውን ሲያዩ ዋሉ። ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ ሲሚንቶው ተቦክቶ፣ በሩ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። በመጨረሻ በበሩ ዙሪያ አንዴ ዞሩና እናቴ ፊት ቆሙ።

«እልፍነሽ፣ ቤቱስ የታለ?»

«ይመጣል፣ ኦቦ ገርባ።»

«ዱጋ? እውነት? እኔ ላም ሳልገዛ ገመድ ይዤ ሜዳ ላይ ብቆም ሰው ምን ይለኛል?»

እናቴ ሳቀች። ያን ቀን ብዙ ሳቀች፤ ቀኑን የማስታውሰውም ለዚህ ይመስለኛል።

ሽማግሌው ወደ አባቴ ጠጋ ብለው ነገሩ ምን እንደሆነ ጠየቁት። አባቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ያደገችበት ቤት ሊፈርስ ነው፣ ልጆቻቸው ፎቅ ሊሠሩበት ነው። የምትፈልጊውን አንሺ አሏት። ፍሪጅ አለ፣ ቁም ሳጥን አለ፣ የሚያምር አልጋ አለ። እሷ በሩን አለች» ሲል ሰማሁ።

«ለምን?»

«እስኪ ይጠይቋት።»

እኔ መጠየቅ አላስፈለገኝም። የሰማሁት በቂ ነበር። የትልቅ ሰው ቤት ሲፈርስ ልጆቹ ዕቃ ይከፋፈላሉ፤ እናቴ ደግሞ የምትወደድ ልጅ ስለሆነች ቀድማ እንድትመርጥ ተፈቅዶላታል። እናቴም ብትሆን ለግንበኞቹ፣ «ያደግኩበት ቤት በር ነው» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ውሸት አልተናገረችም። ያላወቅኩትን በራሴ ሞላሁት።

በሩን ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ መሳል እችላለሁ። ባለ ሁለት ተካፋች ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ ከታች መሃል ላይ ግማሽ ፀሐይ ብቅ ትላለች፤ ጨረሮቿ ቀጥ ያሉ የብረት ዘንጎች ናቸው፤ እየተራራቁ እስከ ጫፍ ይወጣሉ። በግራና በቀኝ ብረቱ ደረጃ በደረጃ ከፍ ይላል። አበባ የለበት፣ ቅጠል የለበት፣ አንበሳ የለበት፤ መስመር ብቻ። ሲከፈት ፀሐይዋ ለሁለት ትሰነጠቃለች፤ ሲዘጋ ትገጥማለች። ጠዋት ጠዋት እናቴ መቀርቀሪያውን ስትስብ እኔ ፀሐይ የምታወጣው እሷ ትመስለኝ ነበር።

ስለ ቤቱ ማውራት ትወድ ነበር። «ቤታችን ጥግ የለውም» ትለኛለች ፀጉሬን እየሠራች። «ግድግዳው ሲታጠፍ ክብ ነው፤ አቧራ የሚደበቅበት ቦታ የለውም። ደረጃው ላይ ያለው መስኮት ደግሞ የመርከብ መስኮት ነው የሚመስለው፤ ጠዋት ብርሃኑ ወለሉ ላይ የድስት ክዳን የሚያህል ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። ወለሉ ጥቁርና ነጭ ነው። ነጩን በደንብ ከወለወሉት ፊት ያሳያል።» እኔ ይህን ሁሉ ይዤ ትምህርት ቤት እሄድና እናቴ መርከብ በሚመስል ቤት ያደገች የትልቅ ሰው ልጅ መሆኗን ለክፍሉ አውጃለሁ። አቧራ የት እንደሚደበቅና ነጩ ወለል ስንት ጊዜ ሲወለወል ፊት እንደሚያሳይ የሚያውቀው የቤቱ ልጅ ነው ወይስ ሌላ ሰው ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።

ቤቱ እስኪቆም ከበሩ ኋላ በሸራ መጠለያ ነው የኖርነው። እናቴ አንድ ሕግ ነበራት፤ ወደ እኛ የሚመጣ ሰው ሁሉ በበሩ ይገባል። በሩ ብቻውን ሜዳ ላይ ቆሟል፤ በግራው መኪና ያልፋል፣ በቀኙ መንጋ ያልፋል። ቢሆንም በበሩ ነው። የውሃ ጀሪካን የያዘችውን ሴት ከመስኩ መሃል መልሳ በበሩ አስገብታታለች። አባቴ ራሱ አንድ ቀን ደክሞት በጎን ሲመጣ «በሪሁን!» ብላ ጮኸች፤ እሱም እየተነጫነጨ ተመልሶ ዞረ።

ኦቦ ገርባ ላሞቻቸውን ይዘው በጎን የመጡ ዕለት ግን ነገሩ የሚከር መስሎኝ ነበር።

«አካም ቡልቴ፣ እልፍነሽ?»

«ነጋ፣ ኦቦ ገርባ። ግን በበሩ ይግቡ።»

«በገዛ መስኬ ላይ?»

«ሸጠውልናል እኮ።»

ሽማግሌው እናቴን አዩ፣ በሩን አዩ፣ ላሞቹን አዩ። ከዚያ መንጋውን መልሰው ዞሩና በሩ ፊት ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። በዱላቸው ብረቱን ነካ ነካ አድርገው፣ «ቤቶች!» አሉ፤ ቤት ግን አልነበረም።

«ማነው?» አለች እናቴ ከውስጥ፣ ኮስተር ብላ።

«ገርባ ነኝ። ከላሞቼ ጋር።»

«ይግቡ!»

ላሞቹ ፀሐይዋን ለሁለት ከፍለው ተራ በተራ ገቡ። ኦቦ ገርባ ከዚያ በኋላ በመጡ ቁጥር ባርኔጣቸውን አውልቀው «ቤቶች» ሳይሉ አልገቡም። እኔ እናቴን ፈርተው ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ ምንም ሳይነገራቸው ነገሩ የገባቸው ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ሌላም ነገር ነበር። ጠዋት አባቴ መኪናውን ይዞ ከሄደ በኋላ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ በበሩ ትወጣለች። መንገድ ላይ ትንሽ ትቆማለች። ከዚያ ዞር ትልና ተመልሳ ትገባለች፤ ቀስ ብላ፣ ቀና ብላ፣ እጇን ብረቱ ላይ አሳርፋ። ከሱቅ የገዛችው ነገር የለም፣ ሰላም ያለችው ሰው የለም። በሩ በደንብ መዘጋቱን የምትፈትሽ ነበር የሚመስለኝ፤ አንዳንዴም ከኋላዋ እየተከተልኩ አብሬ እወጣና አብሬ እገባ ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ በአይሱዙው እያደረሰኝ፣ ምን አንስተን እንደነበር አላስታውስም፣ «እናትሽ እኮ እዚያ ቤት ስትገባ የአንቺን ያህል እንኳን አልነበረችም» አለኝ። «ሠራተኛ የሚገባው በጓሮ ነው፤ በከሰል ቤቱ በኩል ጠባብ በር ነበረች። ትልቁን በር ከውስጥ ትከፍተዋለች፣ መኪና ታስገባበታለች፣ ትዘጋዋለች። ገብታበት ግን አታውቅም። እኔን አግብታ እስክትወጣ ድረስ አንድ ቀንም።» ይህን ሲለኝ መንገዱን እያየ ነበር። እኔም መንገዱን አየሁ። ትምህርት ቤት ደርሼ ወረድኩ።

ሌንጮ የሚባል በያጅ በሩ ሲተከል ገና ጎረምሳ ነበር፤ ሱቁን መንገድ ዳር የከፈተው በዚያው ዓመት ነው። አንድ ቀን የሲሚንቶ ከረጢት ቀድዶ ይዞ መጣና በሩ ላይ ለጥፎ ፀሐይዋን በጠመኔ ቀዳ። እኔ ሌባ ያገኘሁ ያህል ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት።

«ይቅዳው» አለች። «የኛ ይጎድላል እንዴ?»

ዓመት ሳይሞላው ከእኛ ወዲያ ያለው ወፍጮ ቤት ፀሐይ አወጣ። ቀጥሎ ኬክ ቤቱ፣ ቀጥሎ የድርቆሽ ነጋዴው። የሌንጮ ፀሐይ አንዳንዴ ጨረሯ ይበዛል፣ አንዳንዴ ላሜራው ያጥረውና ትጨማደዳለች፤ ሰው ግን ሌላ በር አላሠራም አለ። ቢጫ ቀባት፣ ወርቃማ ቀባት፣ ሰማያዊ ቀባት። እኔ በሚኒባስ ስሄድ እናቴን የሚያውቁ በሮች እያልኩ ሰላም እላቸው ነበር።

ክረምት ላይ የሱሉልታ መስክ ረግረግ ነው። በሩ በተተከለ በሁለተኛው ዓመት፣ መስከረም ገብቶ መሬቱ ሲጠነክር፣ እትዬ ሊመጡ ነው ተባለ። በእኛ ቤት «እትዬ» የሚባሉት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እናቴ ያደገችበት ቤት እመቤት። ስማቸውን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ያኔ ግን አያቴ መሆናቸውን እርግጠኛ ነበርኩ፤ እናቴ ያደገችው እሳቸው ቤት ነው፣ ሌላ ምን ሊሆኑ ይችላሉ?

ሁለት ክፍል ቤታችን ያኔ ቆሟል። የባሕር ዛፍ አጥሩም በሦስት በኩል ታጥሯል፤ በኦቦ ገርባ መስክ በኩል ብቻ ሳይዘጋ ቀርቷል። እናቴ በሩን በአባቴ ናፍጣ ስትወለውል ከረመች።

«ሊወስዱት ይሆን እንዴ?» አለ አባቴ በዝግታ።

«በእጄ ሰጥተውኛል። ሊያዩት ነው የሚመጡት።»

«ታዲያ ምን አስጨነቀሽ?»

«ማን ተጨነቀ?»

ቅዳሜ ዕለት ተለማመድን። እናቴ ሁሉንም ነገር አስባበታለች። በሩ ዝግ ይሆናል፣ ፀሐይዋ ሙሉ እንድትታይ። እሷ ውጭ መንገዱ ላይ ትቆማለች። መኪናው ሲደርስ እትዬን እጃቸውን ይዛ ታወርዳቸዋለች። እኔ ከውስጥ መቀርቀሪያውን እስባለሁ። ከዚያ ሁለቱ ጎን ለጎን በበሩ ይገባሉ። መኪናው ውጭ ይቆያል። አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ወገቡን ይዞ፣ እያነከሰ እትዬን ሆነ። እናቴ ክንዱን ያዘች። እኔ መቀርቀሪያውን ሳብኩ። «ኧረ ቀስ በይ፣ ጉልበቴ!» አለ አባቴ በቀጭን ድምፅ፤ ሦስታችንም ሳቅን፤ ሁለቱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ገቡ። የወላጆቼን ሠርግ ያየሁ ያህል ነው የማስታውሰው።

እሑድ እናቴ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ መንገዱ ላይ ቆመች። እኔ ከውስጥ ሁለት እጄን መቀርቀሪያው ላይ አድርጌ በጨረሮቹ መሃል አያታለሁ። አባቴ በረንዳው ላይ ነው። ነጭ ፔጆ ከአስፋልቱ ተጠምዝዞ ወጣ፤ አቧራውን ይዞ መጣና በሩ ፊት ቆመ። ከእናቴ ርቀቱ የክንድ ያህል ነው። ሾፌሩ እሷን አላያትም፤ ወይም አይቶ ሌላ ሰው መስላዋለች። ክላክሱን ሁለቴ አጭር፣ አንዴ ረጅም አደረገው።

እናቴ ሮጠች።

ወደ መኪናው አይደለም። ነጠላዋን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ በአጥሩ ዙሪያ፣ ባልታጠረው በኩል፣ በኦቦ ገርባ መስክ ዞራ ሮጣ ገባች። ወደ እኔ ስትመጣ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። እጄን ከመቀርቀሪያው ላይ አንስታ ገፋችኝ፤ ሳበችው፤ አንዱን ተካፋች ከፈተች፣ ሌላውን ከፈተች፣ ከዚያ ከቀኙ ተካፋች ኋላ ገብታ ከግድግዳው ጋር የተለጠፈች ያህል አንገቷን ደፍታ ቆመች። ግድግዳ ግን አልነበረም፤ ባዶ ሜዳ ነው። መኪናው ገባ። እሷ ዘጋች።

እኔ ጨዋታ መስሎኝ በሳቅ ሞትኩ። ትናንት ያልተለማመድነው አዲስ ነገር የጨመረች መስሎኝ ነበር። አባቴን ሳየው እሱ አይስቅም።

እትዬ ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን መናገር አለብኝ፤ ክፉ ቢሆኑ ነገሩ ይቀለን ነበር። ነጭ የለበሱ፣ ቀጭን፣ ሽቶ ሽቶ የሚሉ ሴት ናቸው። ከመኪናው ወርደው በሩን በመዳፋቸው እየዳበሱ አለቀሱ። «አባባ ያሠራው በር! ቤቱ ሲፈርስ ያልታመምኩት ሕመም የለም፣ እልፌ። አሁን ሳየው ሕይወቴ ተመለሰ። እግዜር ይስጥሽ፤ ጠበቅሽልኝ።»

«እሺ እትዬ» አለች እናቴ።

በሩን ሊወስዱ አልመጡም። አይተውት፣ አልቅሰውበት፣ ቤት ገብተው ተቀመጡ። እናቴ አስተናገደች። አባቴ «ተቀመጪ እንጂ» ቢላት አልሰማችውም፤ ሳህኑን ይዛ ጥግ ላይ ቆማ ቀረች። እኔ እትዬ ጉልበት አጠገብ ሄጄ፣ «አያቴ ነዎት?» አልኳቸው።

ሳቁ፤ ከልባቸው ነው የሳቁት። «ምን አለች ይቺ?»

«ልጅ ናት፣ አታውቅም» አለች እናቴ።

ከቦርሳቸው ከረሜላ አውጥተው ሰጡኝ፤ ራሴን ዳበሱኝ፤ «እደጊ» አሉኝ። ሲሄዱ ሾፌሩ እንደገና ክላክስ አደረገ። እናቴ ከፈተች። እናቴ ዘጋች።

ሰው እናቱ ስትበላ ቆሞ መጠበቅ እንዳለበት ያን ዕለት ተማርኩ፤ ስለዚህ በማግስቱ እናቴ ምሳ ስትበላ ጥግ ላይ ቆምኩ። ሁለት ሦስት ቀን አየችኝና ተወችኝ። አንድ ቀን ግን ሳህኑን ወረወረችው።

«ተቀመጪ! ሁለተኛ ማንም ሲበላ እንዳትቆሚ! ሰማሽ?»

ጮሃብኝ የማታውቅ ሴት ነበረች። ተቀምጬ አለቀስኩ። ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም ነበር፤ አላጠፋሁምም።

ከዚያ እሑድ ወዲህ እናቴ በበሩ ወጥታ ስትገባ አላየሁም። ባልታጠረው በኩል ትወጣለች፣ በዚያው ትመለሳለች። መቀርቀሪያው የጠጠረባት መሰለኝ። ቀጥሎ ደግሞ አያቴ ሌላ ጊዜ ሲመጡ ንጹሕ እንዲሆን እየቆጠበችው ነው ብዬ አሰብኩ። እትዬ ተመልሰው አልመጡም። አጥሩ ሲጠናቀቅ በመስኩ በኩል አንድ ሰው የምታሳልፍ የቆርቆሮ በር ተሠራች፤ ሁላችንም በእሷ ለመድን። ኦቦ ገርባ ለብዙ ጊዜ በትልቁ በር መጥተው «ቤቶች» ይሉ ነበር፤ የሚከፍትላቸው ሲያጡ እሳቸውም ተዉት። ክረምቶች አለፉ፤ ማጠፊያው ዛገ፤ መቀርቀሪያውና ብረቱ አንድ ሆኑ። ፀሐይዋ እንደገጠመች ቀረች።

እኔ አድጌ አዲስ አበባ ሥራ ያዝኩ፤ ማታ ማታ ወደ ሱሉልታ እመለሳለሁ። ባለፈው ዓመት ጥቅምት አንድ ቅዳሜ እዮብ የሚባል ወጣት የቤት ዲዛይን ሠሪ ካሜራውን አንግቶ መጣ። ፀሐይ ያለባቸውን በሮች ሲከተል ከርሟል። ሰበታ አይቷቸዋል፣ ቡራዩ አይቷቸዋል፤ የጠየቀው በያጅ ሁሉ ከእገሌ ቀዳሁ እያለው ሌንጮ ጋ ደርሷል፤ ሌንጮ ደግሞ ወደ እኛ ጠቁሞታል። በራችን ፊት ቆሞ ካሜራውን ወደ ፀሐይዋ አነጣጠረ።

«የዚህ አሠራር ስሙ አርት ዴኮ ነው» አለን። «መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ስንት ፋሽን መጥቶ ሄደ፤ ይሄኛውን ግን ሰው አልጠገበውም። አሁን ለገጣፎ ቪላ የሚያሠሩ ደንበኞቼ በስልካቸው ፎቶ ይዘው መጥተው እንዲህ ያለ አድርግልን ይሉኛል።»

እናቴ በቆርቆሮዋ በር በኩል ወጥታ ነበር። «ለምንድን ነው የማይሰለቸው?» አለችው።

እዮብ በጣቱ ጨረሮቹን ተከተለ። «እንጃ እትዬ። የሠሩት ሰዎች ነገ ከዛሬ ይሻላል ብለው ያመኑ ይመስሉኛል። መስመሩን ይዩት፤ ሁሉም ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ሰው ባያምንም እንኳን በሩ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖረው ደስ ይለዋል።»

እሱ «እትዬ» ሲላት እናቴ ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንደቆመ አየች። ማንም አልነበረም።

ሊገዛው ፈለገ። አጽድቶ፣ አሳድሶ፣ በክብር ቦታ ሊያስቀምጠው። ተከፍቶ ማየት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። «አይከፈትም፣ ዝጓል» አለችው። «ስለ ሽያጩ ላስብበት።» ሲሄድ እኔ ሳላስበው አፌ ላይ መጣልኝ።

«ለምን አትሰጪውም? አንቺ እንደሆነ አትገቢበትም።»

እናቴ ወደ በሩ ዞረች። «ክላክሱን ስሰማ እግሬ ብቻውን ሮጠ፣ ቢቲ» አለች። የትኛውን ቀን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። «እኔ እዚያው ውጭ ቆሜ ቀረሁ።» ቀጥላ ደግሞ፣ «እስኪ ይቆይ፤ አንድ ቀን እገባ ይሆናል» አለችና በቆርቆሮዋ በር ገባች።

ሚያዝያ ላይ ደም ግፊቷ ጣላት። አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ አርፋለች ሲለኝ «እሺ» አልኩት። አልቅሺ አሉኝ፤ ፊቴን ነካሁት፤ ደረቅ ነው። ጥርስ ተነቅሎ ማደንዘዣው ሳይለቅ ከንፈርን እንደመንካት ነበር። አስከሬኗን የጫነው ሚኒባስ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ እንጦጦን ስንወጣ በየመታጠፊያው ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ፤ ለምን እንደማደርገው የገባኝ ሱሉልታ ስንደርስ ነው።

ሰፈሩ ሁሉ መንገዱ ላይ ነበር። መኪናው በሩ ፊት ቆመ፤ ሰው አላሳልፍ አለ፤ ሾፌሩ እጁን ወደ ክላክሱ ሲልክ አየሁት። እጁን ያዝኩት።

«አታድርግ።»

«መንገድ እንዲለቁ ነው፣ እህቴ።»

«ወርጄ እነግራቸዋለሁ። አንተ ብቻ አታድርግ።»

የዕድሩ ሰዎች የቆርቆሮዋ በር ሣጥኑን እንደማታሳልፍ አስቀድመው ለክተዋል። አጥሩን በመስኩ በኩል እናንሳው እየተባባሉ ነው።

«በበሩ» አልኩ።

«ዝጓል እኮ፣ ቢታንያ። ስንት ዓመቱ!»

«በበሩ ነው የምትገባው።»

ድምፄ የእናቴ ድምፅ ነበር፤ የውሃ ጀሪካን የያዘችውን ሴት ከመስክ መሃል የሚመልሰው ድምፅ። ሌንጮ ከለቀስተኛው መሃል ወጣ። አሁን ጢሙ ሸብቷል። መንገዱን ተሻግሮ ከሱቁ የብረት መቁረጫ ግራይንደሩን ይዞ መጣ፤ ገመዱ ከቤታችን ተሰካ። ብረቱ ሲጮህ የሴቶቹ ልቅሶ ቆመ፤ መቼም ግራይንደር እየጮኸ ሙሾ አይወጣም። ሁሉም እጁን አጣምሮ ጠበቀ። የእሳቱ ፍንጣሪ መሬት ላይ ረገፈ። መቀርቀሪያው ተቆረጠ፤ ማጠፊያው ናፍጣ ጠጣ፤ አራት ሰው ገፋው። ፀሐይዋ መሃል ለመሃል ተሰነጠቀች፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ።

ሣጥኑን ከመኪናው አውርደው ተሸከሙት። ማንም ሳይነግራቸው በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ ከፊታቸው ኦቦ ገርባ ነበሩ። በልጅ ልጃቸው ተደግፈው ነው የመጡት፤ ዓይናቸው አያይም ማለት ይቻላል። በእጃቸው ዳብሰው ብረቱን አገኙት። ባርኔጣቸውን አወለቁ። በዱላቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«ቤቶች!»

የመለሰ የለም። አባቴ ግቢው መሃል ብቻውን ቆሟል፤ ያን ቀን ከማንም ጋር አልተነጋገረም ነበር። ጋቢውን አስተካከለ። ወደ በሩ መጣ።

«ማነው?» አለ።

«እልፍነሽ ናት» አሉ ኦቦ ገርባ።

«ይግቡ» አለ አባቴ፣ ለክብር እንግዳ እንደሚባለው። ከዚያ ከሣጥኑ ጎን ሆኖ በአንድ እጁ ያዘው፤ ጎን ለጎን ሆነው ቀስ ብለው፣ ማንም ሳይሮጥ፣ እናቴ በበሩ ገባች።